የጥቁሮቹ ቁራጮች ጀርባ

ጋሽ ማኅተም የሚለውን መጠሪያ ያወጡላቸው የማጠቢያ ክፍል ሴቶች ናቸው። በልብስ እጥበት ድርጅቱ ውስጥ ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት ከመዝገብ ቤታቸው ደጃፍ አልፎ አያውቅምና ነው። ሥራ አስኪያጁ እንኳ የገዛ ደብዳቤውን ቅጂ ሲፈልግ ፈርሞ ይወስዳል፣ ፈርሞ ይመልሳል። አንድ ቀን ቸኩሎ ሳይፈርም ሊወጣ ሲል ጋሽ ማኅተም በሩ ላይ ቆመው፣ «ጌታዬ፣ እርስዎን ለይቼ ጠርጥሬ አይደለም፤ እኔ ሁሉንም ሰው ነው የምጠረጥረው» አሉት ይባላል። ሥራ አስኪያጁም ፈረመ።

ትምህርታቸው አራተኛ ክፍል ነው። አምስተኛን በመስኮት አይተውታል። ነገር ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከእንፋሎት ማሞቂያው ጎን ባለች፣ ግድግዳዋ ዘወትር በሚያልባት በዚያች ክፍል ተቀምጠው ወረቀት አንብበዋል። መደርደሪያዎቹን ሁሉ እርጥበት እንዳያገኛቸው ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቀው ያቆሙት ራሳቸው ናቸው። የተማረ ሰው አንድን ወረቀት አንድ ጊዜ ያነባል፤ ጋሽ ማኅተም ግን ሦስት ጊዜ ያነባሉ፤ አንዴ የተጻፈውን፣ አንዴ ያልተጻፈውን፣ አንዴ ደግሞ የፈረመውን ሰው።

ቤታቸውም ቢሆን ከዚህ ሥርዓት አላመለጠም። ባለቤታቸው ሾርባ አቅርበው «ጨው አለው» ቢሏቸው ቀምሰው ካላረጋገጡ አያምኑም።

«ፈርሜ ልስጥህ?» ይላሉ ባለቤታቸው። «ወይስ ሳህኑን ማኅተም ላድርግበት?»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ እሳቸው፣ ማንኪያውን እያነሱ።

ነገሩ የተጀመረው በካውያ ክፍል ነው። ትልቁ ካውያ የሚባለው ማሽን አልጋ የሚያህሉ ሁለት የጋሉ ጥቅልሎች አሉት፤ እርጥቡን አንሶላ በአንድ በኩል ውጦ በሌላው በኩል ደርቆና ተጣጥፎ የሚያወጣ ነው። በፊቱ የጣት መከላከያ የሚባል የብረት ዘንግ አለ። እጅ ሲነካው ማሽኑ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን የአንዲት ሠራተኛ ቀኝ እጅ ዘንጉን ነካ፤ ማሽኑም አልቆመም። ሴትዮዋ አራት ጣቶቿን አጣች።

ድርጅቱ፣ «ሥራ ለማፋጠን ብላ መከላከያውን ራሷ አንስታዋለች» አለ። እሷ ደግሞ፣ «መከላከያው ከተሰበረ ወራት አልፈውታል፤ መካኒኩም ያውቃል» ብላ ከሰሰች። መካኒኩ ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን አደጋው በደረሰ በአምስተኛው ወር ታሞ ሞተ። ሙት ችሎት ቀርቦ አይመሰክርም። የቀረው ነገር ቢኖር በየቀኑ የሠራውን የሚጽፍበት የጥገና መዝገብ ሲሆን፣ እሱም በጋሽ ማኅተም አራተኛው መደርደሪያ ላይ፣ በገመድ ታስሮ ተቀምጦ ነበር። ሴትዮዋ ድርጅቱን የምትረታውም ሆነ እጇንም ክርክሯንም አጥታ ወደ ቤቷ የምትገባው በዚያ መዝገብ ነው።

የፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ደረሰ። ድርጅቱ የሁለት ዓመት የጥገና መዝገብና የካውያ ክፍሉን የቀሪ መዝገብ ቅጂ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንዲያቀርብ ይላል። የቀሪ መዝገቡ ማን በየትኛው ቀን ከሥራ እንደቀረና ለምን እንደቀረ የሚጻፍበት ነው። ጋሽ ማኅተም ትእዛዙን ሦስት ጊዜ አነበቡት፤ የገባበትን ሰዓት ጻፉበት፤ ማኅተምም አደረጉበት።

በማግስቱ የድርጅቱ ነገረ ፈጅ በእንፋሎቱ እያሳለ ምድር ቤት ወዳለው መዝገብ ቤት ወረደ። ከረባቱ የተስተካከለ፣ ምላሱ የሰላ ወጣት ነው።

«ጋሼ፣ ሁሉም አይሰጥም» አለ። «ሕጉ መሸፈን ይፈቅዳል። የሠራተኛ ሕመም ይሸፈናል። የድርጅቱ የሥራ ምስጢር ይሸፈናል። ለተሸፈነው ለእያንዳንዱ መስመር ግን ምክንያቱን የሚገልጽ ዝርዝር አብሮ ይቀርባል።»

ጋሽ ማኅተም ይህን ሕግ ወደዱት። ከሕግ ጋር ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያቸው ስለነበር ጥቂት ተጠራጠሩ፤ ሆኖም ወደዱት። «ጥሩ ሕግ ነው። የሰው ሕመም እንደ አንሶላ ገመድ ላይ አይሰጣም» አሉ።

ነገረ ፈጁ ከኪሱ ጥቁር ማርከር አወጣ። ጋሽ ማኅተም ማርከሩን ከእጁ ተቀብለው ክዳኑን ገጠሙና መልሰው ኪሱ ውስጥ ከተቱለት።

«በቀለም አላምንም። ብርሃን ላይ ሲያነሱት ከሥሩ ያለው ፊደል ይስቅብዎታል።»

የእሳቸው አሠራር ሌላ ነበር። ያረጁ የፋይል ሽፋኖችን፣ በውጭ ጥቁር በውስጥ ነጭ የሆኑትን፣ በመስመር ልክ እየቆረጡ ፎቶ ኮፒው ላይ በስሱ ማስቲሽ ይለጥፋሉ። ያንን እንደገና ፎቶ ኮፒ ያነሱታል። ከመዝገብ ቤቱ የሚወጣው ሁለተኛው ቅጂ ብቻ ነው፤ ቁራጩ ከመጀመሪያው ቅጂ ተልጦ ፖስታ ውስጥ ይቀመጣል። በቁራጩ ነጭ ጀርባ ላይ ቁጥሩ፣ ገጹ፣ መስመሩና ምክንያቱ ይጻፋል፤ እንዲሸፈን ያዘዘው ሰውም አጭር ፊርማውን ያኖርበታል።

«ይኼ ሁሉ ለምን ይጠቅማል ጋሼ?»

«ነገ ቢጠየቅ ቁራጩ ራሱ አፍ እንዲኖረው ነው።»

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። በቀሪ መዝገቡ ነገረ ፈጁ አልተቸገረም፤ «የምክንያት ዓምዱን በሙሉ ይሸፍኑት፤ እኔም ላነበው አልፈልግም» አለ፤ ይህንንም ጋሽ ማኅተም በልባቸው መሰከሩለት። ጥገናው ላይ ግን እየሰለቸ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል አጣብቆ፣ እያወራና እየሳቀ፣ ቁራጮቹን ሳያይ ይፈርም ጀመር።

«በሠርጌ ቀን እንኳ ይኼን ያህል አልፈረምኩም!»

«በሠርግዎ ቀን ያልፈረሙትን ሚስትዎ ያውቁታል» አሉ ጋሽ ማኅተም፣ ሳይስቁ።

ገጽ ስድሳ ሁለት ሲደርሱ ነገረ ፈጁ ስልኩን ዘጋ። ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። ሁለት ገጽ ገለጠና ሌላ መስመር አመለከተ። ጥቂት ገልጦ ሦስተኛ አሳየ። የሞተው መካኒክ ጠማማ ጽሑፍ ነበር፤ ሦስቱም መስመሮች የሚናገሩት ስለ አንድ ነገር ነው፤ የትልቁ ካውያ የጣት መከላከያ ሞላው ስለ መሰበሩ።

«ምክንያቱን ምን ልበል?»

«የሥራ ምስጢር።»

«የተሰበረ ሞላ ምን ምስጢር አለው?»

«የማሽን አሠራር ነው። እርስዎ ይለጥፉ፤ ሕግ የተማርኩት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ማኅተም ለጠፉ። ትእዛዝ ትእዛዝ ነው፤ ደግሞም ሽፋን መጋረጃ እንጂ መቀስ አይደለም፤ መጋረጃን የሚገልጥ ዳኛ አለ። በነጩ ጀርባ ላይ ግን በደቃቅ ፊደል እንዲህ ብለው ጻፉ፦ «ምክንያት፦ የሥራ ምስጢር ነው ተብያለሁ። እኔ አላልኩም።» ሦስቱንም ሰጡት። ነገረ ፈጁ ስልኩ እንደገና ጮኾበት ስለነበር ጆሮው ላይ አጣብቆ ፈረመ።

ቅጂው ፍርድ ቤት ገባ። የሴትዮዋ ጠበቃም ጥቁሮቹን መስመሮች ባየች ጊዜ እሳት ጎረሰች። ከአደጋው በፊት ባሉት ወራት ስለ ትልቁ ካውያ በተጻፈበት ገጽ ሁሉ ጥቁር፣ ከዚያ ወዲያ ግን ነጭ! ዳኛው ድርጅቱ ማብራሪያ እንዲያቀርብ አዘዙ፤ የሸፈነውም ሰው የተሸፈነው ምን እንደሆነ በቃለ መሐላ ካረጋገጠ ክርክሩ በዚያ ሊዘጋ እንደሚችል ተናገሩ።

ነገረ ፈጁ የተተየበ ወረቀት ይዞ ወረደ። «በጥገና መዝገቡ የተሸፈኑት መስመሮች በሙሉ የማሽን ሙቀትና ግፊት ልክ የያዙ መሆናቸውን፣ ይህም የድርጅቱ የሥራ ምስጢር መሆኑን በመሐላ አረጋግጣለሁ» ይላል። ከሥሩ ለጋሽ ማኅተም ፊርማ ነጥብ ነጥብ ተደርጎለታል።

ሦስት ጊዜ አነበቡት።

«ገጽ ስድሳ ሁለት ላይ ሙቀት የለም» አሉ።

«ጋሼ፣ ምን አስጨነቀዎት? ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል።»

«ውሻ ማንበብ ስለማይችል ነው፣ ጌታዬ።»

የነገረ ፈጁ ፊት ተለወጠ። «ለመሆኑ ጡረታዎ ስንት ጊዜ ቀረው?»

«ሁለት ዓመት ከአራት ወር። ማስረጃው ሰባተኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ማየት ከፈለጉ ፈርመው ይውሰዱ።»

ወረቀቱ ሳይፈረም ወደ ላይ ተመለሰ። ጋሽ ማኅተም በዚያ ቀን ምሳቸውን ቤታቸው ሲበሉ ነገሩን ለባለቤታቸው ነገሯቸው። ባለቤታቸው ማንኪያውን አስቀመጡ።

«ቢያባርሩህስ?»

«ያባርሩኝ። ርክክቡ ብቻ ሦስት ወር ይፈጃል።»

«ካንተ ጋር ሦስት ወር? የሚረከበው ሰው ጡረታ ይወጣል እንጂ ርክክቡ አያልቅም!» ሳቁ፤ ወዲያውም ሳቃቸውን ተዉትና ትክ ብለው አዩዋቸው። «ስማኝ እንጂ አንተ ሰውዬ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በጨው ስትጠረጥረኝ ኖረሃል። እስቲ አንድ ቀን ለሚረባ ነገር ጠርጥር።»

ጋሽ ማኅተም ሾርባቸውን ጠጡ። በዚያን ቀን ጨው አለው ወይ ብለው አልቀመሱትም፤ እንዲሁ ጠጡት።

ቃለ መሐላው ሳይቀርብ ሲቀር ዳኛው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ራሳቸው ዋናዎቹን መዛግብት ይዘው እንዲቀርቡ አዘዙ። ጋሽ ማኅተም በብረት የታሰረውን ሳጥናቸውን አስጭነው ሄዱ። ችሎቱ ጠባብ ነበር፤ ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ እየተንቋቋ ይዞራል። የካውያ ክፍሏ ሴት ቀኝ እጇን በሻርፕ ሸፍና ከፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጋሽ ማኅተም ማሉ።

ነገረ ፈጁ ቀድሞ ተነሣ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ምስክሩ አራተኛ ክፍል ብቻ የተማሩ ሰው ናቸው። መሸፈኑን በእጃቸው ያከናወኑት እሳቸው ናቸው። ከሚገባው በላይ የተሸፈነ መስመር ካለ ስሕተቱ የእሳቸው እንጂ የድርጅቱ አይደለም።»

ዳኛው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ምስክሩን ተመለከቱ። «እውነት ነው?»

«አራተኛ ክፍል የተባለው እውነት ነው፣ ክቡር ዳኛ። የቀረው ፖስታው ውስጥ ነው።»

ጠረጴዛ ጠየቁ። ተሰጣቸው። ከሳጥኑ ፖስታውን አውጥተው መቶ ስድስቱን ቁራጮች በተራ ቁጥራቸው፣ ጥቁሩን ገጽ ወደ ላይ አድርገው ደረደሯቸው። የሬጅስትራሩ ጸሐፊ አንገቷን አስግጋ አየች። ነገረ ፈጁም ያን ጊዜ ምን እንደሆኑ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ከረባቱን ነካካ።

«ከሰው ስሕተት በፊት የራሴን ላስቀድም» አሉ ጋሽ ማኅተም፤ ሰማንያ አራተኛውንም ገለበጡ። «ሕመም ይሸፈን የተባለው በቀሪ መዝገቡ ላይ ነው። ይህቺን ግን ከጥገና መዝገቡ ላይ ማንም ሳያዘኝ ሸፈንኳት። ፊርማውም የእኔ ነው።»

ዳኛው ዋናውን መዝገብ ገልጠው ገጹን ፈለጉ፤ ከዚያም ጮክ ብለው አነበቡ፦ «ዛሬ ጥርሴን አሞኝ ቶሎ ወጥቻለሁ።»

ችሎቱ ሳቀ። ማራገቢያው ራሱ የሳቀ መሰለ። ጋሽ ማኅተም ብቻ አልሳቁም።

«ስሕተት ስሕተት ነው» አሉ። ቀጥለው ዘጠና ሰባተኛውን፣ ዘጠና ስምንተኛውንና ዘጠና ዘጠነኛውን ገልብጠው ወደ ዳኛው ገፋ አደረጓቸው።

ዳኛው አነበቡ። ደግመው አነበቡ። «‹የሥራ ምስጢር ነው ተብያለሁ። እኔ አላልኩም።›» ቀና አሉ። «ነገረ ፈጅ፣ ከሥሩ ያለው አጭር ፊርማ የማን ነው?»

ነገረ ፈጁ ጠጋ ብሎ አየ። በሰው ጓሮ የተወውን የገዛ እግሩን ዱካ እንደሚያይ ሰው አጎነበሰ።

«የእኔ… ይመስላል።»

«ክቡር ዳኛ፣ ይመስላል የሚባል ፊርማ የለም» አሉ ጋሽ ማኅተም። «ማመሳከሪያ ካስፈለገ በመቶ ሁለት ቦታ ሌላ አለ።»

የሴትዮዋ ጠበቃ እንደ ወስፈንጥር ተነሣች። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከዚህ ወዲያ የድርጅቱን ዝርዝር የሚያምን የለም። መቶ ስድስቱም መስመሮች በሙሉ ይከፈቱልን!»

«አይሆንም» አለ አንድ ድምፅ። የጋሽ ማኅተም ነበር።

ዳኛው በመዶሻቸው ጠረጴዛውን ነካ አደረጉ። «ምስክር ሳይጠየቅ አይመልስም።»

«ይቅርታ። እንግዲያው ይጠይቁኝ።»

«እሺ፤ ለምን አይሆንም?»

«ሃያ አንዱ የምር የሙቀት ልክ ነው፤ ይህን እኔ አንብቤያለሁ። ሰማንያ አንዱ ግን የሰው ሕመም ነው። ካውያ ክፍል የሠሩ ሴቶች ከሥራ የቀሩበት ምክንያት ነው። ድርጅቱ በሦስት መስመር ስለዋሸ ሰማንያ አንድ ሴት ለምን ትገለጣለች? ክቡር ዳኛ እርስዎ ብቻዎን ይዩት፤ አፍዎን አምናለሁ።» ጥቂት አሰቡና ጨመሩ፦ «ማለቴ፣ ለማመን እሞክራለሁ።»

ጠበቃዋ በቁጣ ተቀመጠች። ዳኛው ግን ፈገግታቸውን በመነጽራቸው ሸፍነው፣ መዛግብቱንና ቁራጮቹን አስይዘው ወደ ጽሕፈት ቤታቸው ገቡ። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆዩ። በዚያ ሰዓት ውስጥ ነገረ ፈጁ ሦስት ጊዜ ስልክ ለመደወል ወጣ፤ የካውያ ክፍሏ ሴት ከወንበሯ አልተነሣችም፤ ጋሽ ማኅተምም ዓይናቸውን ከሳጥናቸው ላይ አላነሱም።

ዳኛው ተመልሰው ብይኑን ሰጡ። መቶ ሁለቱ መስመሮች እንደተሸፈኑ ይቆያሉ። የመካኒኩ ጥርስ ይከፈታል፤ ማንንም አይጎዳም። ሦስቱም መስመሮች ይከፈታሉ። ነገረ ፈጁ ሐሰተኛ ምክንያት ስለ መስጠቱ በጽሑፍ መልስ ይሰጣል። ከዚያም ዳኛው ሦስቱን መስመሮች ለችሎቱ አነበቡ።

«የትልቁ ካውያ የጣት መከላከያ ሞላው ተሰብሯል። እጅ ሲነካው ማሽኑ አይቆምም። ለኃላፊ አመልክቻለሁ።»

«ሞላው አልተገዛም። ደግሜ አመልክቻለሁ።»

ሦስተኛው ከአደጋው አሥራ ሁለት ቀን በፊት የተጻፈ ነው፦ «ለሦስተኛ ጊዜ አመለከትኩ። ማሽኑ ይቁም ብል ሥራ ይበልጣል ተባልኩ። የሰው እጅ ይሄዳል።»

ሴትዮዋ ግራ እጇን አንስታ አፏ ላይ አደረገች። የሞተው ሰው ቀርቦ መስክሮላት ነበርና። ክርክሩ ገና ሌሎች ቀጠሮዎች ነበሩት፤ ነገር ግን «መከላከያውን ራሷ አንስታዋለች» የሚለው ቃል ከዚያ ቀን ወዲያ በዚያ ችሎት ውስጥ አልተሰማም።

ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ጋሽ ማኅተም በሬጅስትራሩ መስኮት ፊት ቆመው ቀሩ። ፍርድ ቤቱ ቁራጮቹን ያስቀራል ስለተባለ የመቶ ስድስት ቁራጮች መረከቢያ ካልተሰጠኝ አልሄድም አሉ። ጸሐፊዋ፣ «ጋሼ፣ እዚህ እኮ ፍርድ ቤት ነው፤ አይጠፋም» አለቻቸው።

«ልጄ፣ ፍርድ ቤትን ለይቼ ጠርጥሬ አይደለም» ብለው ጀመሩ፤ ጸሐፊዋም ሳታስጨርሳቸው ጻፈችላቸው።

በመተላለፊያው ላይ የካውያ ክፍሏ ሴት ጠበቀቻቸው።

«ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

«እኔን አታመስግኚ። የጻፈው መካኒኩ ነው፤ እኔ ከእርጥበት አርቄ ነው ያስቀመጥኩት።»

«ጠበቃዬ ግን ተቀይማዎታለች። ሁሉም ይከፈት ስትል እምቢ አሉ ብላ።»

«ትቀየም» አሉ ጋሽ ማኅተም። ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ። «ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ያንቺ ነው።»

ሴትዮዋ መጀመሪያ አልገባትም። ኋላ ገባት። ከአደጋው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አሥራ አንድ ቀን ከሥራ ቀርታ ነበር፤ ምክንያቱንም ለድርጅቱ ነርስ ከመናገር በቀር ለወለደቻት እናቷ እንኳ ትንፍሽ አላለችም። ነርሷ ጽፋዋለች፤ የተጻፈውም ከሌሎቹ ጋር ተሸፍኖ ሄዷል። ጠበቃዋ ብታሸንፍ ኖሮ ዛሬ በዚህ ችሎት ጮክ ተብሎ ይነበብ ነበር።

«ማን አየው?» አለች፣ ሻርፑን በግራ እጇ እያጠበቀች።

«ነርሷ ጽፋዋለች። ዳኛው አይተውታል። እኔም አይቼዋለሁ። ሌላ ማንም የለም።»

«አነበቡት?»

ጋሽ ማኅተም መረከቢያውን አራት አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱ፤ ኪሱንም ቆለፉ።

«የማነበው ሁሉንም ሦስት ጊዜ ነው፣ ልጄ» አሉ። «ያንን ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነበብኩት።»

የከሰዓት በኋላው ሥራ ስላላለቀም ሳጥናቸውን አንስተው መዝገብ ቤታቸውን ሊከፍቱ ሄዱ።